ስለ ሕፃናት ሽንት መታገድና ስለ አእምሮ መፍዘዝ

የሽንቱ መውረጃ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ጠቦ የተወለደ ሕፃን፥ ሽንቱ እንደሚገባ ስለማይወርድለት በፊኛው ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል። በዚህም በታቆረው ሽንት ውስጥ ፕሮቲየስን የመሰሉ ተሐዋስያን ሲበዙበት፥ ዩሪያ የተባለውን ከሽንት ጋራ የሚወጣ ነገር አፍርሰው አሞኒያ ወደሚባል መርዝ ይለውጡታል።

በአንጀት የሚፈጠረውን አሞኒያ ጉበት ያጠራዋል፤ ከፊኛ የሚነሣው ደም ግን በጉበት ሳያልፍ ወደ ልብ ስለሚመለስ፥ መርዙ ሳይጠራ እስከ አንጎል ይደርሳል። ስለዚህ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ ልጅ እንኳ ያስመልሰዋል፥ ይፈዛል፥ እንቅልፍም ይጫነዋል፤ ቶሎ ካልተረዳም ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለው ልጅ ከልማዱ ወጥቶ ሲያንቀላፋ ዕረፍት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ውሎ ሳያድር ወደ ሐኪም አድርሱት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፥ የሽንቱንም ነገር ሳታፍሩ ግለጡ። ሐኪሙም በደሙ ያለውን አሞኒያ አስመርምሮ፥ ሽንቱን በቀጭን ቧንቧ ያወርድለታል፥ ተሐዋስያኑን የሚገድል መድኃኒትም ይሰጠዋል። የሕመሙ ምክንያት በጊዜ ከታወቀ፥ ብዙ ጊዜ የልጁ አእምሮ ፈጥኖ ይመለስለታል።