መሣሪያው የማን ነው? የጀማሪዎች ባንድ ትውውቅ

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የምሽት ክበብ ባንድ በአመዛኙ የቤቱ ባንድ ነበር። ድራሙም፣ ኦርጋኑም፣ የድምፅ ማጉያውም የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለሆኑ ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር ሲቃቃር ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያስ ባንድ ከዚህ ልማድ ወጣ። ቬነስ በተባለው ክበብ አብረው ይሠሩ የነበሩት ሙዚቀኞች በራሳቸው መሣሪያና በራሳቸው ስም መሥራት ጀመሩ፤ ሂልተን ሆቴል ገብተውም ለዓመታት ተጫወቱ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ታዳሚው ማታ ከገባ እስኪነጋ ስለማይወጣ እነሱም ሌሊቱን አብረው ያነጉ ነበር። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበትን «ቸ በለው» የተሰኘ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም እ.ኤ.አ. በ1977 ሠሩ። በ1981 ደግሞ ለሥራ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ዛሬ አራት አምስት ጓደኛሞች ባንድ ለማቋቋም ሲሰበሰቡ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከስም ነው፤ ቀጥሎ ማን እንደሚዘፍን ይነሳል። ከሁለቱም የሚቀድም ጉዳይ አለ፦ መሣሪያው የማን ነው? የት ይቀመጣል? አንዱ አባል ቢወጣ ምን ይቀራል? ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የተነጋገሩ ልጆች ዓመት የመሻገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

ጉዳዩ በአገራችን ረጅም ሥር አለው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ለዳግማዊ ምኒልክ የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በእልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ 40 አርመናውያን ልጆች አገኙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የቀሩት እነዚህ ወጣቶች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የምድር ጦርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባንዶች ተከታተሉ። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም ያደጉት በክብር ዘበኛ ባንድ ነው። ደሞዝ፣ የደንብ ልብስ፣ የሙዚቃ መምህር፣ ሳክስፎን፣ ሁሉም ከተቋሙ ይመጣ ነበር። ያ ሥርዓት ትልልቅ ሙዚቀኞችን አፍርቷል፤ የዚያኑ ያህል ግን የሚያዘው ባለመሣሪያው ነበር።

ለአማተሩ በር የተከፈተው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በኪነት ቡድኖች በኩል ነው። ቀበሌዎች፣ ከፍተኛዎችና የጦር ክፍሎች ቡድን አቋቋሙ፤ ጊታርና ከበሮ ገዙ፤ ወጣቶችን ሰበሰቡ። ዓላማው የፖለቲካ ቅስቀሳ ነበር፣ ግጥሙም በዚያው ልክ የታዘዘ። ቢሆንም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የሰፈር ልጅ ከትምህርት መልስ ቤዝ ጊታር ጨብጦ፣ ከሌላው እኩል መግባትና መውጣት የተማረው እዚያ ነው፤ በኋላ ሙያዬ ብለው ከያዙት መካከል ከኪነት የተነሱት ብዙ ናቸው። ዛሬ ያንን ቦታ በከፊል የሚሸፍኑት የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበባት፣ የወጣት ማዕከላት እና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ናቸው። ጎበዝ ቤዚስትና ኪቦርዲስት የሚፈልግ ጀማሪ ባንድ ከእነዚህ ቦታዎች ቢጀምር ድካሙ ይቀንስለታል።

አባላት ሲመረጡ ከሁሉ የሚከብደው ድራመር ማግኘት ነው። ድምፃዊ አይጠፋም፤ ጊታር የሚነካካም በየሰፈሩ አለ። የድራም ስብስብ ግን ውድ ነው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ያስነሳል፤ ስለዚህ በቤቱ እየተለማመደ የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነው። ለመነሻ ድራም፣ ቤዝ፣ አንድ ጊታር፣ ኪቦርድና ድምፃዊ ይበቃሉ። ሳክስፎን ወይም ትራምፔት የሚነፋ ከተገኘ የባንዱ ቀለም ወዲያው ይለወጣል፤ ካልተገኘ ግን እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ድራመሩ ጨርሶ ከጠፋ የኪቦርዱን የተቀዳ ምት መጠቀም ይቻላል፤ ይህ በየሰርጉና በየመጠጥ ቤቱ አንድ ሰው ብቻውን የባንድን ሥራ እንዲሸፍን ያደረገ ዘዴ ነው። ለወራት ከሆነ ይሁን። ለዘለቄታው ግን ባንዱን ይጎዳል፤ ማሽኑ ድምፃዊው ሲቸኩል አይከተልም፣ ተወዛዋዡ ሲጋልም አይሰማም። ኤሌክትሮኒክ ድራም በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሠራ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ዕቁብ ብዙ ይረዳል። አምስቱ አባላት በየወሩ የሚችሉትን ቢጥሉና ዕጣው የወጣለት የራሱን መሣሪያ ቢገዛ፣ ሲጨርሱ እያንዳንዱ ባለንብረት ይሆናል። የጋራ የሆኑት፣ ማለትም ሚክሰሩ፣ ማጉያው፣ ማይኩና ኬብሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ገቢ ቢገዙና የማን እንደሆኑ በጽሑፍ ቢቀመጥ ይመረጣል። አንዱ ሀብታም ወንድም ሁሉንም ገዝቶ የሚያቀርብበት ባንድ ሲጀመር ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ጠብ ሲነሳ ግን የመለማመጃው ክፍል ይቆለፋል።

ክፍል ሲገኝ ስለ ጆሮም ማሰብ ግድ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ድራም 100 ዴሲቤልን በቀላሉ ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ጤናና ደኅንነት የምርምር ተቋም ምክር እንደሚለው 85 ዴሲቤል ድምፅን ሰው በቀን እስከ 8 ሰዓት ሊሰማ ይችላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጀማሪ ባንድ ጥናት ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የጆሮ መክደኛ ከአንድ የጊታር ክር ስብስብ ዋጋ የማይበልጥ ነገር ነው፤ የጠፋ መስማት ግን አይመለስም። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ምንጣፍ መስቀል በክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ድምፅ ያበርደዋል፤ ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን የቤዝና የድራም ጉርምርምታ ግን እምብዛም አያስቆመውም። ለጎረቤት የሚበጀው ሰዓት ተነጋግሮ መወሰን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ጥናቱ። ብዙ ጀማሪዎች ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዘፈኑን ከስልክ ላይ እየሰሙ የየራሳቸውን ድርሻ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ዘፈኑ ግን አልተነካም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ቤቱ ጨርሶ መምጣት አለበት። ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ማገጣጠም ነው፦ ማን መቼ ይገባል፣ የት ላይ ዝም ይባላል፣ መጨረሻው እንዴት ይዘጋል። ድራሙና ቤዙ መጀመሪያ ብቻቸውን ይሂዱ፤ የቤዙ ድምፅ ከትልቁ ከበሮ ምት ጋር ካልገጠመ ላዩ ላይ የሚመጣው ሁሉ የተንሸዋረረ ሆኖ ይሰማል። በተለይ ችክችካ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው፤ ስድስቱን ምቶች ጆሮ ለሁለት ከፍሎ ሦስት ሦስት፣ ወይም ለሦስት ከፍሎ ሁለት ሁለት አድርጎ ሊሰማቸው ይችላል። ድራመሩ በአንዱ ቤዚስቱ በሌላው ሲቆጥሩ ሆን ተብሎ ከሆነ ያምራል፤ ሳያውቁት ከሆነ ዘፈኑ አራተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ይፈርሳል። አንድ ጥናት ሲያልቅ በስልክ ቀድቶ በማግስቱ መስማት ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

ሌላው ፈተና ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። ጊታሪስቱና ኪቦርዲስቱ ግን ከኢንተርኔት የተማሩት ኮርድ የተሠራው ለሰባት ድምፅ ነው። በሜጀር ትዝታ፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚሄድ ዜማ ላይ፣ የለመዱትን የፋ ኮርድ ሲጨምሩ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ፋ ይገባል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ከመነሻው ድምፅ ጋር የሚጣመረው የታወቀው አምስተኛ ድምፅ እንኳ የለም፤ ዶን መነሻ ብናደርግ ሶል አይኖርም ማለት ነው። አቀናባሪዎች እያወቁ ከቅኝቱ የሚወጡበት ጊዜ አለ፣ ውብም ይሆናል። ጀማሪ ባንድ ግን ኮርዱን ቀንሶ፣ ዜማውን በመሣሪያ ደግሞ፣ ቤዙን በቅኝቱ ድምፆች ላይ አቁሞ ቢጫወት የተሻለ ይሰማል። ክራር ወይም ማሲንቆ ካለ፣ ከኪቦርዱ ጋር አንድ ላይ መቃኘቱን በየዘፈኑ መሃል ማረጋገጥ ይገባል፤ ክሩ በሙቀትና በእርጥበት ይለወጣል፣ ኪቦርዱ ባለበት ይቆያል።

ምን ዘፈን ይመረጥ? ሁሉም አባላት የሚወዷቸው፣ ፍጥነታቸው መካከለኛ የሆነ ስድስት ወይም ሰባት ዘፈኖች። የሌላ ሰው ዘፈን ይዞ ለሕዝብ የሚወጣ ባንድ የባለመብቶቹን ፈቃድ ማሰብ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ያው አዋጅ ለባንዱም ይሠራል፤ የራሳቸውን ዜማ ሲሠሩ ግጥሙን ማን፣ ዜማውን ማን፣ ቅንብሩን ማን እንደሠራው በዕለቱ ጽፈው ቢፈራረሙ፣ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሚመጣውን መቀያየም ያስቀራሉ።

የጀማሪ ባንድ ቅርጽ የግድ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ደቦ ባንድ ያሳያል። ሳክስፎን የሚነፋው ዳኒ መኮንን፣ ሱዳን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ጥናት ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦስተን ውስጥ መሠረተው። ድምፃዊው ብሩክ ተስፋዬ በአማርኛ ይዘፍን ነበር፤ ከጀርባው አኮርዲዮን፣ ቫዮሊንና ትልቁ የናስ መሣሪያ ሱዛፎን ነበሩ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም፤ ሥራቸው የተነሳው ከ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ነው። በ2009 አዲስ አበባ መጥተው ተጫወቱ፤ የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው ግን የወጣው በ2012 ነው። በመመሥረትና በአልበም መካከል ስድስት ዓመት! በሦስተኛው ወር ስቱዲዮ የሚከራይ ጀማሪ ይህን ልብ ቢል ደግ ነው።

በየባንዱ አንድ ሰው ቀጠሮ የሚይዝ፣ አንድ ሰው ሒሳብ የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ባይዘው ይመረጣል። ዘግይቶ ለሚመጣ ትንሽ ቅጣት፣ ቅጣቱም ለኬብልና ለክር መግዣ። ስለ ሙዚቃው የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ አንድ ሰው መኖርም አለበት፤ ድምፃዊው መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም። በብዙ ባንዶች ይህን ሥራ ኪቦርዲስቱ ወይም ቤዚስቱ ቢይዘው ይሻላል፤ ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ የመስማት ዕድል አላቸውና።

የመጀመሪያው መድረክ ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ሳይሆን ድምፁ ነው። ማይኩ ከማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ ያው ድምፅ እየዞረ ይጎለብትና ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ማጉያዎቹን ከማይኮቹ ፊት አስቀድሞ ማቆም፣ ለድምፃዊው የሚሰማውን ሞኒተር በማይኩ ጀርባ በኩል ማድረግ፣ የጊታሩን ድምፅ ዝቅ ማድረግ። ታዳሚ ከመግባቱ በፊት አንድ ዘፈን ሙሉውን ተጫውቶ መሞከርም አይዘለል። በሰርግ ወይም በትልቅ አዳራሽ ከመጀመር ደግሞ የትምህርት ቤት በዓል ወይም የሰፈር ዝግጅት ይሻላል፤ እዚያ ስድስት ዘፈን በቂ ነው፣ ታዳሚውም ልጆቹን ያውቃቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ለጀማሪዎች በጣም የሚቸግራቸው የመለማመጃ ክፍል ነው። መሣሪያ በዕቁብ ይገዛል፣ ሙያ በጥናት ይመጣል፤ ድምፅ ቢያሰሙ የማያስቀይምበት ቦታ ግን ወጣቶች በራሳቸው አቅም የሚያገኙት አይደለም። በየሰፈሩ ከሐዘንና ከስብሰባ ቀን ውጭ ተዘግቶ የሚውል የዕድር አዳራሽ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍል አለ። የዕድር ዳኞችና ርዕሳነ መምህራን በሳምንት ሁለት ምሽት ቁልፉን ቢሰጧቸው፣ ልጆቹም ክፍሉን አጽድተው ቢያስረክቡ፣ ባንዱ ይቆማል።