ቁጥሩ ይቀየር፣ ስሙ ይጽና

ከሜክሲኮ ታክሲ የተሳፈረ ሰው መውረጃው ሲቃረብ ለረዳቱ የቤት ቁጥር አይነግርም፤ «ብስራተ ገብርኤል ወራጅ አለ» ይላል፣ በቃ። የሰፈሩ የመዝገብ አድራሻ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ተለዋውጧል። በደርግ ዘመን ከፍተኛና ቀበሌ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚለው መጣ፤ በኋላም ቀበሌው ቀርቶ ወረዳ ሆነ። ለውጡ የሚያስቸግረው መታወቂያውን፣ ካርታውንና ውሉን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰውን ነዋሪ ነው። ስሙን ብቻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ምንም አይጎድልበትም። ይህን የቁጥርና የስም ልዩነት ልብ ያለ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ታድሶ አድራሻው ሲቀየር አንዱ ግቢ በሰላም የሚሻገረው፣ ሌላው ሳምንት ሙሉ የሚታመሰው ለምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

ኔትወርክ ውስጥ የገባ ኮምፒዩተር፣ ፕሪንተር፣ ካሜራም ሆነ ስልክ የአይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው፤ መረጃ የሚላከውም የሚመለሰውም በዚሁ ቁጥር ነው። ሰው ይህን ሁሉ ቁጥር መሸምደድ ስለማይችል ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ እኛ ስሙን ስንጽፍ እሱ ከጀርባ ሆኖ ቁጥሩን ፈልጎ ያመጣል። ዩኒቨርሲቲው ገና ሲቋቋም ያሉት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም በአንድ የቁጥር ረድፍ ይገባሉ። የተለመደው ረድፍ የሚይዘው 254 መሣሪያ ነው። ከዚያ ላብራቶሪ ይከፈታል፣ ዋይፋይ ይተከላል፣ ተማሪው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ረድፉ ይሞላና ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ይዘው ይጣላሉ። ያኔ ማሻሻል ግድ ይሆናል፦ አዲስ ፋይበር፣ አዲስ ስዊች፣ ለአስተዳደር፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተለየ ክልል፣ ከዚያም አዲስ ቁጥር። ገንዘቡን የሚበላው መሣሪያው ነው። ሥራውን የሚያበላሸው ግን የትኛው መሣሪያ የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የሚያሳይ መዝገብ አለመኖሩ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

አሮጌው ቁጥር የሚኖረው በዋናው ራውተር ላይ ብቻ አይደለምና። የሬጅስትራርን ቢሮ እንውሰድ። ጥግ ላይ ላለችው ፕሪንተር ከዓመታት በፊት አንድ ቴክኒሽያን በእጁ ቁጥር ሰጥቷታል፤ በቢሮው ባሉት ኮምፒዩተሮች ላይም ያንኑ ቁጥር አንድ በአንድ ጽፎታል። የተማሪ ውጤት የሚመዘገብበት ፕሮግራም ዳታቤዙን የሚያገኘው በስም ሳይሆን ሆዱ ውስጥ በተቀበረ ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ደግሞ ሥራ ለቋል። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስንሻገር ነገሩ ከግቢው አጥር ይወጣል። እንደ ጄስቶር ያሉ የምርምር መጽሔት ማከማቻዎች አንባቢው የዚያ ዩኒቨርሲቲ ሰው መሆኑን የሚለዩት በመጣበት የአይፒ ቁጥር ነው። ለውጡ ካልተነገራቸው፣ የዶክትሬት ተማሪዋ ትናንት ያነበበችው ጽሑፍ ዛሬ «ክፈይ» ይላታል። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይልም ከማይታወቅ ቁጥር ስለሚወጣ በተቀባዩ ዘንድ እንደ ቆሻሻ ሊጣል ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስዊቹም ፋይበሩም አዲስ ነው፤ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው።

አገራችን ይህን መሰል ለውጥ በትልቁ አይታዋለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የስልክ ቁጥር ሥርዓቱ ሲቀየር የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ከ6 ወደ 7 አሃዝ አደገ፤ መነሻውም 011 ሆነ። ቴሌ በማዕከሉ ያለውን ቀየረ፤ በታፔላ፣ በደብዳቤ ወረቀትና በየሰዉ የኪስ ማስታወሻ ላይ የሰፈረውን ግን ባለቤቱ ራሱ ካላረመው ሌላ የሚያርመው የለም። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም በኢንተርኔት ጅማሬ የተሰጠውን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲመልስ፣ መሣሪያዎቹን በሌላ ቁጥር ማስፈር ነበረበት። ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ኔትወርኩን ሲያሻሽል፣ ከያዘው 16 ሚሊዮን አድራሻ ውስጥ 14 ሚሊዮኑ ሥራ ላይ አለመዋሉን ገልጾ ቢያንስ 8 ሚሊዮኑ ትርፍ ነው ብሎ ለሽያጭ አወጣ። ይህን ማለት የቻለው ቆጥሮ ስለሚያውቅ ነው። የትኛው መሣሪያ በየትኛው ቁጥር፣ በማን ኃላፊነት እንዳለ በአንድ ቀን ውስጥ መናገር የማይችል ግቢ ለለውጡ አልተዘጋጀም።

«ግቢ ውስጥ የፈለግነውን የግል ቁጥር ተጠቅመን ሁላችንም በአንድ የውጭ ቁጥር ብንወጣስ?» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ሙግቱ ውኃ የሚቋጥር ነው፤ አብዛኛው ተቋም የሚሠራውም እንዲሁ ነው። በ10 የሚጀምሩት የግል ቁጥሮች ብቻቸውን ከ16 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ማንም ሳያስፈቅድ ይጠቀምባቸዋል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ከአለማስፈቀዱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን እንደመሰለ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ፣ አልፎም እስከ ቢሾፍቱ በተዘረጋ ተቋም፣ ሁለት ግቢዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ረድፍ ቢይዙ በፋይበር የተገናኙ ዕለት ይጋጫሉ። ሺዎች በአንድ የውጭ ቁጥር ሲወጡ ደግሞ የአንድ ላፕቶፕ ቫይረስ ያንን ቁጥር ያስኮንነዋል፤ የሚታገደው ግን ግቢው በሙሉ ነው። «መሸሸጉ ደኅንነት ነው» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ በር የሚጠብቀው ፋየርዎሉ እንጂ የቁጥሩ መደበቅ አይደለም።

የውጭ ቁጥሩም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም። እስካሁን ስናወራለት የቆየነው፣ አይፒቪ 4 የሚባለው አድራሻ በዓለም በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን ማዕከላዊ ክምችቱ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መቀመጫውን በሞሪሸስ ያደረገው የአፍሪካ የአድራሻ አዳይ አፍሪኒክ እ.ኤ.አ. ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን በ1,024 ገድቧል። ተተኪው አይፒቪ 6 ግን ለአንድ ተቋም በተለመደው ድርሻ 65,536 ረድፎች ይሰጣል፤ አንዱ ረድፍ ብቻውን የትኛውም ትምህርት ክፍል ቆጥሮ የማይጨርሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚታደስ ኔትወርክ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ቢነሳ፣ ነገ ሌላ የቁጥር ለውጥ ከማድረግ ይድናል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ መሣሪያው በዶላር ይገዛል፣ ዶላሩ ደግሞ የለም። እውነት ነው። መዝገቡ ግን ዶላር አይጠይቅም። አንድ ሰው ሠንጠረዥ ይዞ ሕንፃ ለሕንፃ ይዞራል፤ የመሣሪያውን ቦታ፣ ቁጥር፣ ስምና ተጠያቂ ይጽፋል። ቁጥር በእጅ የተጻፈባቸውን ዲኤችሲፒ በሚባለው ዘዴ ቁጥራቸውን ከማዕከል እንዲያገኙ ያደርጋል፤ ፕሮግራሞቹም ሰርቨሩን በስሙ እንዲጠሩት ያስተካክላል። ይህ ሥራ ከጨረታው መቅደም አለበት። ግዢው ቢዘገይ እንኳ አሮጌው ኔትወርክ ራሱ ይሻሻላል።

ቀኑም መመረጥ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ፈተና በተቃረበበት ሳምንት ቁጥር መነካካት በተማሪው ዕድል መቀለድ ነው። ሴሚስተሩ ሲዘጋ ይሻላል። ከቀናት በፊት ዲኤንኤስ ስሙን ከአሮጌው ቁጥር ጋር አስሮ የሚያቆይበት ጊዜ ከአንድ ቀን ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አዲሱን ቁጥር ለመጽሔት አቅራቢዎቹ አስቀድሞ ይልካል። በለውጡ ሌሊት አሮጌው አድራሻ አይዘጋም፤ ለጥቂት ሳምንታት ከአዲሱ ጎን ክፍት ሆኖ ይቆያል። አንድ ሰው ደግሞ በየማለዳው መዝገቡን ከፍቶ፣ ማን እስካሁን በአሮጌው በር እንደሚያንኳኳ እያየ፣ ያችን የሬጅስትራር ፕሪንተር ፍለጋ ይወጣል።