ስለ ተዳመጠ ሩዝ፤ ስለ በሶና ስለሚርሱበት ውሃ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ብዙ የህንድ መምህራን ያስተምሩ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። በእነዚህ መምህራን አገር ለቁርስ ከሚዘወተሩት ምግቦች አንዱ የተዳመጠ ሩዝ ነው። በማሃራሽትራ ፖሃ፤ በታሚል ናዱ አቫል፤ በቢሃር ቹራ ይሉታል።

ሩዙ ከነገለባው ተዘፍዝፎ ይታመሳል፤ ከዚያም ተወቅጦ ወይም በመዳመጫ ተዳምጦ እንደ ቅጠል ይሳሳል። አስቀድሞ በሙቀት ስላለፈ ምድጃ ላይ ብዙ አይቆይም። ባለሙያዋ በወንፊት አጥባ ታንጠፈጥፈዋለች፤ በዘይት ውስጥ ሰናፍጭ፤ ሽንኩርት፤ ቃሪያ፤ እርድና ለውዝ አብስላ ሩዙን ትጨምርበታለች፤ በመጨረሻም ሎሚ ትጨምቅበታለች። በቢሃር ግን እሳት ሳያገኘው በእርጎ ይበላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሶአችንም ከተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፤ በውሃ ተለውሶ ወይም ተበጥብጦ፤ ምድጃ ሳያይ የሚበላ የመንገደኛ ስንቅ ነው። ሩዝም ቢሆን ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በፎገራ ሜዳ የሚዘራ እህል ሆኗል።

እንዲህ ያለው እህል ደረቅ ሆኖ በንጹሕ ዕቃ እስከ ተቀመጠ ድረስ ተሐዋስያን አይራቡበትም። አደጋው የሚጀምረው ውሃ ሲነካው ነው። ውሃው የተበከለ ከሆነ በሽታው ከምግቡ ጋር ይዋጣል፤ በኋላ የሚያጠፋው እሳት የለምና። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታየው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ በሰሚትም ሆነ በሌላው ሠፈር፤ በተለይም ውሃ በጀሪካንና በሮቶ በሚጠራቀምበት ቤት፤ የሚከተለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ/ ለበሶም ሆነ ለተዳመጠ ሩዝ የሚሆነው ውሃ ይፈላ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የፈላውም ውሃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያ እየነከሩ መቅዳት አይገባም።

2ኛ/ በሶ የሚጨብጥ እጅ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ።

3ኛ/ የረጠበ ወይም የበሰለ ሩዝ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። በሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ተሐዋስ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፤ የሚያስመልስ መርዝም ያወጣል። ይህ መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ሌሊቱን ከማቀዝቀዣ ውጭ ያደረ ሩዝ ለተማሪ ምሳ ዕቃ አይሆንም።

4ኛ/ ሻጋታ የነካው ለውዝ ሳይቀመስ ይጣል፤ ቢቆላም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ። ልጅ በትምህርት ቤት የሰማውን ለእናቱ ይነግራልና፤ በአንድ ክፍል የተነገረ ቃል በማታው ብዙ ማድ ቤት ይደርሳል።