ወረቀቱ የሚመሰክረው የትኛውን ቀን ነው? ስለ ተማሪዎች የልዩ ሁኔታ ማመልከቻና ደጋፊ ማስረጃው



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በየሴሚስተሩ መጨረሻ በየትምህርት ክፍሉ የሚነሣ ነው። ፈተና ያመለጠው ወይም ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ተማሪ «ልዩ ሁኔታ ገጥሞኛል» ብሎ ሲያመለክት ከማመልከቻው ጋር ስለሚያያይዘው ማስረጃ ነው። እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሠርቻለሁ። የምጀምረውም እኛ ራሳችን ከተሳሳትንበት ጉዳይ ነው።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጥር ላይ በተሰጠው የማጠቃለያ ፈተና አልተገኘችም። ማመልከቻዋ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ አባቷ ማረፋቸውን ገልጻ የማካካሻ ፈተና ትጠይቃለች። ያያያዘችው የቀበሌ ደብዳቤ ማኅተምም ፊርማም አልጎደለውም። አባቷ ያረፉት ግን ኅዳር ላይ ነው። እኛም «ሁለት ወር ገደማ አልፏል፤ በፈተናው ዕለት የደረሰ ችግር የለም» ብለን ጥያቄዋን ውድቅ አደረግን። ውይይታችን ዐሥር ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም። ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ስለነበር ምረቃዋ በአንድ ዓመት ዘገየ።

እውነቱን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ለሌላ ጉዳይ ቢሮዬ መጥታ ነገረችኝ። ቤተሰቦቿ «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ» ብለው ሞቱን ሸሽገዋት ኖሯል። በፈተናው ዋዜማ ማታ አንድ ያገሯ ልጅ፣ የሰማች መስሎት፣ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ደብዳቤው እውነተኛ ነበር፤ ጥያቄዋን የጣለባትም እርሱው ነው።

እዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል የመርዶን ሥርዓት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሩቅ ላለ ልጅ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይላካል፣ ጊዜ ይመረጣል፣ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ይጠራል። በኮሚቴው ወንበር ላይ ስንቀመጥ ግን ይህን ዕውቀታችንን ከበር ውጭ ትተነው የገባን ይመስላል። ማስረጃ አንድ ድርጊት መፈጸሙን ይመሰክራል። የኛ ጥያቄ ግን ያ ድርጊት ተማሪውን መቼ እንደደረሰውና በዚያ ዕለት ምን እንዳይሠራ እንዳደረገው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማኅተም አይሞላውም።

የሕክምና ማስረጃም ይኸው ችግር አለበት። ሐኪም በእርግጠኝነት የሚመሰክረው በመረመረበት ቀን ስላየው ነው። ዓርብ የታከመ ተማሪ ስለ ሰኞው ፈተና የሚያመጣው ወረቀት፣ ስለ ሰኞ የሚለው በአብዛኛው በሽተኛው ራሱ የተናገረውን ነው። «ታሞ ታክሟል» የሚል ወረቀት ለኮሚቴ የሚጠቅመው እምብዛም ነው፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተቀምጦ መጻፍ አይችልም ነበር» የሚል ግን የበሽታውን ስም እንኳ ሳይጠራ ይበቃል። የበሽታው ስም የተማሪው ምስጢር ነው፤ ኮሚቴም ሊጠይቀው አይገባም ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ወረቀት የማያወጣው ችግር ነው። አእምሮው ታውኮ ቤተሰቡ ሦስት ሳምንት ጠበል ያስቀመጠው ተማሪ ከየትኛው ሐኪም ያጽፋል? ከደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ካስታመመው ዘመድ የሚመጣ ቃል፣ ቀኑ በግልጽ ከተጻፈበት፣ ለኔ ማስረጃ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ወረቀትም አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞትን ለማስመዝገብ 30 ቀናት ይሰጣል። ሕጉ ለቤተሰብ ወር ሲሰጥ ኮሚቴ የሞት ምስክር ወረቀት በአምስት ቀን ካልቀረበ ብሎ ፋይል ቢዘጋ አግባብ አይሆንም።

የሚሸጥ ወረቀት መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ሐሰተኛ ወረቀት ማኅተሙ የተሟላ ነው፤ ለዚያ ነውና የሚገዛው። ማኅተም ብቻ የምንመለከት ከሆነ የምናሳልፈው ገንዘብና ዘመድ ያለውን ነው። በብሪታንያ አንድ ሠራተኛ እስከ 7 ቀን ለሚቆይ ሕመም የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም፤ ራሱ ጽፎ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በዚያ አገር ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የተማሪን የራሱን ቃል ተቀብለው ነበር። እንዳለ እንቅዳው አልልም። ሆኖም የተማሪው የራሱ ቃል፣ በቀንና በዝርዝር ከተጻፈ፣ ማስረጃ መሆኑን ከዚያ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች ስታመለክቱ ከደብዳቤው በፊት የራሳችሁን ገጽ ጻፉ፦ ምን ሆነ፣ መቼ ሰማችሁ፣ በዚያ ዕለት የት ነበራችሁ፣ ያያችሁ ማን ነው? የመኝታ ክፍል ጓደኛም ምስክር ነው። ወረቀቱ ገና ካልደረሰ ማመልከቻውን በጊዜው አስገቡና «ማስረጃው ይከተላል» በሉ። እኛ ደግሞ የቀኖች አለመግጠም ባየን ቁጥር ከመወሰናችን በፊት ተማሪውን እንጥራ። ያችን ተማሪ ጠርተን «መቼ ሰማሽ?» ብንላት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ለትምህርት ክፍሌ ያቀረብሁት ሐሳብ አጭር ነው፤ በማመልከቻ ቅጹ ላይ «ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን» ከሚለው ሥር «አመልካቹ የሰማበት ቀን» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ነው። ገና ውሳኔ አላገኘም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።