በአዞዎቹ ከተማ ከአዞው ይልቅ የምትፈራው ቢምቢ ናት

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ አካባቢ አርባምንጭ አጠገብ አባያ ሐይቅ ላይ ምዕመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አለፈ። ወሬው በአንድ ጀንበር አገር አዳረሰ፤ የእንግሊዙ ቢቢሲ ሳይቀር ዘገበው። አዞ ሰው ሲገድል እንዲህ ነው፤ ዜናው ባሕር ይሻገራል። ቢምቢ ስትነክስ ግን ማን ዜና ይለዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቁጥር እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባሉት ጊዜያት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። በዚያው ጊዜ በአገሪቱ አዞ የነከሰው ሰው ቁጥር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ክለቡ አርባምንጭ ከተማ በደጋፊው ዘንድ «አዞዎቹ» ተብሎ ይጠራል፤ እንግዳ ቡድን ሲመጣም አዞው እንዲፈራለት ይፈልጋል። የከተማው ሰው ራሱ የሚፈራት ግን ሌላ ናት። ክብደቷ ከአንድ ሚሊ ግራም ብዙም የማይርቅ፣ ማሊያ የማትለብስ፣ ፊሽካ የማትሰማ ፍጡር ናት።

አርባምንጭ ሁለት ከተማ በአንድ ስም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበያውና መናኸሪያው የደመቀው ታች ሲቀላ ሲሆን፣ ሽቅብ ሲወጣ ሴቻ ይገኛል። ሴቻ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው አባያና ጫሞን፣ በመሐላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የተባለውን መሬትና የነጭ ሳርን ደን በአንድ ጊዜ ያያል። ቱሪስቱ ለዚህ እይታ ብሎ ይመጣል። የሴቻ ልጅ ግን እይታውን ለምዶታልና ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፀሐይዋ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ እኩለ ቀን ላይ ኳስ መጫወት ራስን መጥበስ ነው። ስለዚህ ጨዋታ የሚሞቀው ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ይሄ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ በቀትር ሙቀት ሲሮጥ ውሎ ራሱን የሳተ ልጅም ያጋጥማልና። ችግሩ ጨዋታው በሰዓቱ አለማለቁ ነው። 12 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ቡድን ስለተሸነፈ «የመጨረሻ ጎል ያገባ ያሸንፋል» ይባላል። የመጨረሻዋ ጎል ደግሞ ኳሷ እስክትጠፋ ድረስ አትገባም። ልክ በዚያች ሰዓት ቢምቢዋ ማሟሟቅ ጨርሳ ሜዳ ትገባለች።

በአርባምንጭ አካባቢ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፊለስ አረቢያንሲስ ትባላለች። ይህቺ ትንኝ ሰው ተኝቶ እስኪያንኮራፋ አትጠብቅም። ምሽቱ ሲጀምር፣ ሰው ገና ደጅ እያለ መንከስ ትጀምራለች። የምትወደው ደግሞ ከመሬት ቅርብ የሆነውን አካል ነው፤ ቁርጭምጭሚትና ባት። የሚሮጠውን ልጅ ለመንከስ ትቸገር ይሆናል እንጂ ከመስመሩ ዳር ቁምጣውን ለብሶ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ ተቀያሪ ሆኖ የተቀመጠውን ማን ያስጥለዋል? ዳር ላይ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የምታየዋ ልጅም እንደዚያው። የወባ ዋና ተጠቂ ከሚባሉት ውስጥ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና እርጉዞች ቀዳሚዎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ኳስ ይቅር?» የሚል ይኖራል። አይቀርም። ማንም ቢናገር የሴቻ ልጅ አይሰማውም፤ መስማትም የለበትም። የሚቻለው ጨዋታውን ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መጀመርና ሳይመሽ መጨረስ፣ ተቀያሪውም ተመልካቹም ረጅም ካልሲና ሱሪ እንዲለብስ፣ አቅም ያለው ቢምቢ የሚያባርር ቅባት እግሩ ላይ እንዲቀባ ማድረግ ነው። የሜዳውን ጥግም ማየት ያስፈልጋል። አረቢያንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ትልቅ ሐይቅ ፈልጋ አይደለም። ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ይበቃታል፤ የመኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ ያስቀረው ውሃ፣ ጭቃ ተቆፍሮ የተረሳ ቦታ፣ ከዝናብ በኋላ ጎሉ ፊት በረኛው ሲዘል የሚረግጣት ረግረግ። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ነው የሚወስደው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን አካፋ ይዞ ውሃውን ያፋሰሰና ጉድጓዱን የደፈነ ቡድን፣ ሜዳውንም አስተካከለ፣ ቢምቢዋንም ከነልጆቿ ከውድድር አስወጣ ማለት ነው። በአንድ አካፋ ሁለት ሥራ!

ጨዋታው በዚህ አያልቅም፤ ሁለተኛው አጋማሽ ቤት ነው። መንግሥት ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ጊዜያት 20 ሚሊዮን ገደማ አጎበር ወባ ላለባቸው አካባቢዎች አዳርሷል፤ ከዚያም ወዲህ ስርጭቱ ሲደጋገም ቆይቷል። አጎበሩ ግን ሁልጊዜ አልጋ ላይ አይገኝም። እህል ማድረቂያ፣ ገመድ፣ የጓሮ አትክልት አጥር፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ አንዳንድ ቦታም የጎል መረብ ሲሆን ይታያል። መረብ ሆኖ ኳስ ሲያዝበት ደስ ማለቱ አይካድም። ግን በመድኃኒት የተነከረ አጎበር አንድ ወቅት ፀሐይና ዝናብ ከመታው በኋላ ጎል ላይም አልጋ ላይም የማይረባ ጨርቅ ይሆናል። ያቺን ጎል ያገባው ልጅ ማታ ምን ውስጥ ነው የሚተኛው?

አጎበር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የኳስ አፍቃሪው ራሱ ምስክር ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጀምራል። ቆላ ከተማ ላይ ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ ቴሌቪዥኑ በረንዳ ወይም ግቢ ይወጣና ወንበር ይደረደራል። ዘጠና ደቂቃ፣ ዕረፍት፣ ተጨማሪ ሰዓት ካለም እሱ፣ ከዚያ «ፍጹም ቅጣት ምቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚለው ክርክር። ሰውየው አጎበሩ ውስጥ ሲገባ ሌሊቱ ተጋምሷል። አጎበር የሚከላከለው ውስጡ ያለውን ሰው ነው፤ ስለ አርሰናልና ማንቸስተር በረንዳ ላይ የሚከራከረውን አይደለም።

ለዚህ መልስ ከሚሆኑት ውስጥ አንዱ የተፈተነው እዚያው አርባምንጭ አጠገብ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ጫኖ ሚሌ ቀበሌ በ40 ቤቶች ላይ ተመራማሪዎች ሙከራ አድርገው ነበር። የግማሾቹን ቤቶች በርና መስኮት በሽቦ ወንፊት ሸፈኑ፤ የቀሩትን እንዳሉ ተዉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት ወንፊት የተደረገላቸው ቤቶች ውስጥ የሚገኘው አረቢያንሲስ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ወንፊት ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ተአምር አይደለም፤ ሠፈር ያለ አናጺ ይሠራዋል። በሩ ሁልጊዜ ተከፍቶ ከዋለ ግን ዋጋ የለውም። ግድግዳው ፀረ ትንኝ መድኃኒት የተረጨለት ቤትም እንደዚሁ፤ ለበዓል ተብሎ በጭቃ ወይም በኖራ ከተለቀለቀ መድኃኒቱ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ለንደን። እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ ላይ ዲዲዬ ድሮግባ ከብዶ ታየ። ባለፈው የውድድር ዓመት በ29 ጎል የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የነበረ ሰው ነው። ትኩሳት ነው ተባለ፣ ሌላም ተባለ፤ እሱም አንዴ ሲጫወት አንዴ ሲቀር ሰነበተ። በኖቬምበር ወር አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል በፈርናንዶ ቶሬስ ሁለት ጎሎች ቼልሲን 2ለ0 ሲያሸንፍ ድሮግባ የገባው ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ነበር። በማግስቱ ክለቡ እውነቱን አወጣው፦ ወባ ነው። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ትኩሳት ሲያይ ቶሎ ብሎ ወባን ባለማሰቡ አይፈረድበትም፤ የቼልሲ ገንዘብም ቢሆን ይህን አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የአርሰናሉ አምበል ፒየር ኤምሪክ ኦባሚያንግ በማርች ወር ለጋቦን ሊጫወት ሄዶ ወባ ይዞ ተመለሰ፤ ሆስፒታል መተኛቱንም በኤፕሪል ራሱ በኢንስታግራም አስታወቀ።

ይህ ለአዲስ አበባ ደጋፊ ምኑ ነው? ሁሉ ነገሩ ነው እንጂ! አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ በከተማው ውስጥ አይተላለፍም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በሽታውን አያውቀውም፤ ሰውነቱም አልለመደውም፤ ሲይዘው ይጠናበታል። ክለቡን ተከትሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ አርባምንጭ የገባ ደጋፊ ምሽቱን ዓሣ እየበላ ደጅ ያመሻል፤ ጨዋታውን አይቶ ይመለሳል። ምንም አልተሰማውም። ከባዱ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ምልክቱን የሚያሳየው በአብዛኛው ከተነከሱ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሰውየው የሚቀጥለውን ጨዋታ አይቶ፣ ጉዞውን ረስቶ፣ ቢሮው ተቀምጧል። ብርድ ብርድ ሲለው «ጉንፋን ነው» ይላል፤ ሲብስበት «ታይፎይድ ይሆናል» ብሎ ከፋርማሲ የሆነ ነገር ይገዛል። ፋልሲፓረም ግን በቀናት ውስጥ አንጎልና ኩላሊት የሚጎዳ በሽታ ነው፤ በሰዓቱ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ፊት የሚባለው ቃል አንድ ነው፦ «አርባምንጭ ነበርኩ»። ጣት ተወግቶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

መድኃኒቱን የጀመረ ደግሞ ይጨርሰው። ኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለፋልሲፓረም የምትጠቀምበት ኮአርተም በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ተጫዋች ሆነም ደጋፊ፣ ችግሩ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው «ድኛለሁ» ብሎ የቀረውን ለወንድሙ ማስቀመጡ ነው። በ60ኛው ደቂቃ 1ለ0 እየመራ ሜዳ ጥሎ እንደሚወጣ ቡድን ማለት ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ ፕሪማኪን የተባለውን መድኃኒት ለ14 ቀን ካዘዘ 14 ቀን ነው፤ አሥር አይደለም።

አሰልጣኞች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ወባ ያለቀቀው ተጫዋች ደሙ ያንሳል፤ ጣፊያውም ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ጣፊያ በክርን ወይም በጉልበት ሲመታ የመቀደድ አደጋ አለበት። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም ሲያጋጥም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ትኩሳቱ ስለወረደ ብቻ «ነገ ደርቢ አለ፣ ግባ» የሚባል ልጅ መኖር የለበትም። ሐኪም ሆዱን ዳስሶ፣ ደሙን አይቶ ይፍቀድለት።

ከጨዋታ በኋላ ላብን ለማጠብ ሐይቅ መውረድም ሌላ ጣጣ አለው። አዞውን ማንም ያውቀዋል። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ቢልሃርዚያ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጥገኛ ተውሳኩ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ገላውን ለታጠበውም፣ ኳስ ሊያወጣ እስከ ጉልበቱ ለገባውም እኩል ነው። የቧንቧ ውሃ እያለ ለምን?

የወባ ጉዳይ የአርባምንጭ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ የሚያደርግ ዜና ደግሞ ከምሥራቅ መጥቷል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። የዚህችኛዋ ባሕርይ ለየት ይላል፤ የገጠር ኩሬ አትጠብቅም። የከተማ ቤት ሮቶ፣ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ የውሃ ጋን ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ግቢ የለም፤ ክዳን ያለው በርሜል ግን ስንት ግቢ አለ?

ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖችን በየተራ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ ሲካሄድ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና አዳማ አስተናግደዋል። አምስቱም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ አምስቱም ወባ የሚያውቃቸው። አንድ ቡድን በእንዲህ ያለ ከተማ ሆቴል ለሳምንታት ሲያርፍ የቡድን መሪው አልጋው ለስላሳ መሆኑን፣ ምግቡ ፓስታ ያለው መሆኑን ይጠይቃል። መስኮቱ ወንፊት እንዳለው፣ አልጋው አጎበር እንዳለው፣ ከጓሮ ያለው ሮቶ ክዳን እንዳለው መጠየቅ ተጨማሪ ብር አያስከፍልም።