ለአሮጌ ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርድ ከመግዛታችን በፊት

ከታላቅ ወንድም ወይም ከዘመድ የተላለፈ አሮጌ ላፕቶፕ በየቤታችን አይጠፋም። ማሽኑ ለመጻፍም ሆነ ፕሮግራሚንግ ለመለማመድ ገና ያገለግላል። ችግሩ ግን ወይ ዋይፋይ የለውም፣ ወይ ያለው ካርድ ከቤቱ ራውተር ጋር አልገናኝም ይላል። ታዲያ ብዙ ሰው ሱቅ ሄዶ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ይገዛል፤ ቤት ሲደርስ ግን ዕቃው አልገባም ወይም አልሠራም ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምርጫው ከካርቶኑ ሳይሆን ከላፕቶፑ መጀመር እንዳለበት ማሳየት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ማስገቢያው

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች በጎናቸው 54 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፒሲ ካርድ ማስገቢያ አላቸው። የድሮው 16 ቢት ነው፤ ካርድባስ የሚባለው ደግሞ 32 ቢት። የካርድባስ ካርድ በድሮው ማስገቢያ አይሠራም። በ2003 የወጣው ኤክስፕረስካርድም ከሁለቱ ጋር አይገጥምም።

ቀላሉ መንገድ ዩኤስቢ ነው። ነገር ግን ዩኤስቢ 1.1 በሰከንድ ከ12 ሜጋቢት አያልፍም። 300 የሚል ዕቃ ብንሰካበት ያው 12 ነው፤ ገንዘባችን በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ዩኤስቢ 2.0 ግን እስከ 480 ስለሚደርስ ይበቃል። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍታችሁ በዩኤስቢው ዝርዝር ውስጥ «ኢንሃንስድ» የሚል ቃል ካገኛችሁ ማሽኑ 2.0 አለው።

2. ድራይቨሩ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በሚያዝያ 2014 አቁሟል። ስለዚህ ለአዳዲስ ዕቃዎች የኤክስፒ ድራይቨር ማግኘት ያስቸግራል። ለነገሩ ኤክስፒን ይዞ ኢንተርኔት ላይ መውጣት ራሱ አደጋ ስላለው፣ ማሽኑ ከቻለ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን ይሻላል።

ለሊኑክስ ወሳኙ የዕቃው ስም ሳይሆን ውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ለምሳሌ የቲፒ ሊንክ 722ኤን ቨርዥን 1 የአቴሮስ ቺፕ ሲኖረው፣ ቨርዥን 2 የሪልቴክ ነው። ስሙ አንድ፣ ድራይቨሩ ግን ሌላ! ስለዚህ የቨርዥኑን ቁጥር ሳያዩ መግዛት አያዋጣም።

3. የይለፍ ቃሉ አጠባበቅ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከ2003 በፊት የተሠሩ ብዙ ካርዶች የሚያውቁት ዌፕ የሚባለውን ጥበቃ ብቻ ነው። የዌፕ ድክመት በ2001 ተጋለጠ፤ በ2007 ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሰበር እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳዩ። አንዳንድ ሰው አሮጌው ላፕቶፕ እንዲገናኝለት ብሎ ራውተሩን ወደ ዌፕ ይመልሰዋል። በዚህ የሚጋለጠው ላፕቶፑ ብቻ አይደለም፤ የእናትም የእህትም ስልክ አብሮ ይጋለጣል። ለአንድ ማሽን ብሎ የቤቱን ሁሉ በር መክፈት ማለት ነው። ስለዚህ በ2004 የመጣውን ደብሊውፒኤ2 የማይችል ካርድ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። በ2018 የወጣውን ደብሊውፒኤ3 ብቻ እንዲቀበል የተደረገ ራውተር ካላችሁ፣ ሁለቱን አብሮ ወደሚያስተናግደው ምርጫ ቀይሩት።

4. ፍጥነቱ

የ802.11ጂ ካርድ 54 ሜጋቢት ቢልም በተግባር የሚሰጠው ከግማሽ ብዙ አይዘልም። ይሁንና የቤታችን መስመር 5 ሜጋቢት ከሆነ እሱም ይተርፋል። በ2009 የጸደቀው 802.11ኤን ግን ፍጥነቱም ርቀቱም የተሻለ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከ5 ጊጋኸርዙ ይልቅ ግድግዳን በደንብ ያልፋል፤ ላፕቶፑ ከራውተሩ ሌላ ክፍል ለሚቀመጥ ሰው ይህ ይጠቅማል።

በአጠቃላይ ዩኤስቢ 2.0 ላለው ማሽን ደብሊውፒኤ2 የሚችል፣ ድራይቨሩ የተረጋገጠ ባለ 802.11ኤን የዩኤስቢ ዕቃ በቂ ነው። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ ደግሞ የኔትወርክ ኬብል ከሁሉም ይረክሳል። ወደ ሱቅ ስትሄዱ የማስገቢያውን ዓይነት፣ የሲስተሙንና የቺፑን ስም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሠራ እንደምትመልሱም ከባለሱቁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።