ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚቀር ህመም፤ በማስታገሻ ብቻ አይድንም

ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው ብዙም ሳይርቅ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይደርሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሰልጠን ጀምሯል። በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ ወይም በድብደባ ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ሕይወት ከተረፈ በኋላ ግን ሌላ ችግር ሊከተል ይችላል፤ እርሱም የማይለቅ ህመም ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚታየው ራስ ምታት ሲሆን፣ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር እንደ ሰደደ ይቆጠራል። የአንገትና የትከሻ ህመምም አብሮ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የ23 ጥናቶች ግምገማ፣ ቀላል የአንጎል ጉዳት ከደረሰባቸው ሲቪሎች 75 በመቶ ያህሉ ሥር የሰደደ ህመም እንደነበረባቸው ያሳያል። ከመካከለኛ እስከ ከባድ ጉዳት በደረሰባቸው ላይ ግን 32 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ «ሲቲ ስካኑ ደህና ነው» ስለተባለ ብቻ ታማሚውን «ያስመስላል» ማለት ተገቢ አይደለም።

ህመሙ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የአንገት ጡንቻ መጎዳት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀትና ድባቴ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። በመሆኑም ሕክምናው የቡድን ሥራ ይጠይቃል። የነርቭ ሐኪሙ የራስ ምታቱን ዓይነት ለይቶ መድኃኒት ያዛል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አንገትንና ሚዛንን ያጠነክራል። የአእምሮ ጤና ባለሙያው ጭንቀትንና እንቅልፍን ያክማል። ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ይከታተላል። ማኅበራዊ ሠራተኛው ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት መመለስን ያግዛል። ዋናው ነገር ሁሉም በአንድ ዕቅድ መመራታቸው ነው።

በግል የሚወሰድ ማስታገሻ ራሱ የህመም ምንጭ ሊሆን ይችላል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ትራማዶል ያሉትን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራስ ምታቱን ያባብሰዋል። ከዚህ ልማድ ለመውጣት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ በተለይ ትራማዶልን በድንገት ማቋረጥ አይመከርም።

ባለሙያዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ባይገኙስ? ክትትሉን የሚያስተባብር አንድ ሐኪም ይምረጡ። የሆስፒታል መውጫ ወረቀትዎን፣ የምርመራ ውጤቶችንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር በአንድ ማኅደር ይዘው ወደ እያንዳንዱ ባለሙያ ይሂዱ። ህመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የእንቅልፍዎን ሁኔታና የወሰዱትን ኪኒን በየቀኑ በደብተር ይመዝግቡ። ከጉዳቱ በኋላ መርሳት የተለመደ ስለሆነ አንድ የቤተሰብ አባል አብሮዎት ቢገባ ይመረጣል።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሚጥል ህመም፣ ያልተለመደ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም ከአፍንጫና ከጆሮ የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በአረጋውያን ላይ የደም መፍሰስ ምልክት ከሳምንታት በኋላም ሊታይ ይችላል።

የሕክምናው ግብ ህመሙን በአንድ ጀምበር ማጥፋት ሳይሆን ታማሚው እንዲተኛ፣ እንዲንቀሳቀስና ወደ ሥራው እንዲመለስ ማድረግ ነው። ህመሙም በአብዛኛው የሚቀንሰው በዚሁ መንገድ ነው።